ወደ ሶፊያ የተጫነው ምንጣፍ

ከብዙ ዓመት በፊት የሰማሁት ጨዋታ ነው፤ ግማሹ ከአእምሮዬ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ እንደነበር አውቃለሁ። ከካራማራ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የቢሯችንን መስኮት ያንቀጫቅጭ እንደነበርም አስታውሳለሁ። ሁለት ሴቶች ጅጅጋ ቴሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሐረር መስመር እስኪከፈትላቸው ይጠብቃሉ። አንዷ ጨርቅ ነጋዴዋ ኬሪያ፣ ሌላዋ ቅቤ ነጋዴዋ ሚሬ።

«ተጭኖ ሄደ ነው የምልሽ» አለች ሚሬ። «በዓይኔ አየሁት። ዋርፋ መኪናው ላይ ሲያስረው።»

«ምኑን?»

«የቤቷን ምንጣፍ ነዋ! የፋይሶን ልጅ፣ የሂቦን። ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍንጎ።»

«ልጅቷ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አይደለች እንዴ?»

«ከአዲስ አበባም አልፋ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው። ሴት ቤቷን አስጭና ከሄደች ምን ቀረ ታዲያ?»

ኬሪያ ምን እንደመለሰች ረስቼዋለሁ። ሳቀች መሰለኝ። «ለመምህሩ አዘንኩለት» ያለችው እሷ ትሁን ሚሬ፣ አሁን እርግጠኛ መሆን አልችልም። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ቢኖር፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠው ሰው ሁሉንም መስማቱን ነው። ሒሳብ አስተማሪው ባህሩ ነበር።

ጠዋት መጥቶ የደሴ መስመር ያስያዘው በእኔ በስልክ አገናኟ በኩል ነው። ፊቱ በርቶ ነበር። «እትዬ እታገኘሁ» አለኝ፣ ወደ መስኮቴ ዝቅ ብሎ፣ «ዛሬ አባቴን ሽማግሌ ሆነው እንዲመጡልኝ ልለምናቸው ነው። ቢያንገራግሩ መስመሩን እንዳይቆርጡብኝ፣ አደራ።»

«ማንን ልትጠይቅ ነው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«እርስዎ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት ደሴ ተገኘ። «ባህሩ፣ አባትህ መጥተው ቁጭ ብለዋል። ቁጥር ሁለት ግባ» አልኩት። አልተነሳም። ደግሜ ጠራሁት። ተነስቶ ገባ። መስመሩ መያዙን ለማረጋገጥ ለአፍታ አዳመጥኩ።

«አባዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተ?»

«ኧረ ምንም የለም አባዬ። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

«ለዚህ ነው ከሱቄ ያስነሳኸኝ?» አሉ ሽማግሌው። ቀጥሎ ዝም አሉ፤ እሱም ዝም አለ። ከዚያ አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በል እሺ ልጄ፤ ሰማህ አይደል ድምፄን» አሉት። እኔ ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ያን የመሰለ ዝምታ ማዳመጥ የሰው ገበና መግለጥ ሆኖ ተሰማኝ።

*

በስልክ ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሱማሊኛን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ማንም አስተምሮኝ አይደለም። መስመር ላይ የሰማሁትን መስመር ላይ ትቼ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ምሽት ላይ ከጸሎቴ በቀር ምንም ይዤ አልገባም ነበር። የዚህን ጉዳይ መጨረሻ ግን ቢሮው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በገዛ አፌ ጮኬ የተናገርኩት እኔው ነኝ። መጀመሪያውን ደግሞ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው «ጻፊው» ብለውኛል።

የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ ላይ ነው። ሂቦ አዲስ አበባ ኪነ ጥበብ ትማራለች፤ ለክረምት መጥታ ነበር። እናቷ ፋይሶ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወተት እየሸጠች ያሳደገቻት አንድ ልጇ ናት። ወተት ላመጣ የሄድኩ ዕለት ግቢው በሴቶች ሞልቶ አገኘሁት። ከግራር ልጥ የተፈተለ ክር ተቆልሎ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ምንጣፍ ይሠራሉ። የአቃል ምንጣፍ ነው። አቃል ተነቅሎ በግመል የሚጫነው የዘላኑ ቤት ነው፤ ባለቤቷም ሴቲቱ ናት። ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እናቷ፣ አክስቶቿና ጓደኞቿ ተሰብስበው ለቤቷ የሚሆነውን ይሠሩላታል። ከተማ ገብተው በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩትም ቢሆኑ ቢያንስ አንድ ምንጣፍ ሳይሠሩ ልጅ አይድሩም።

ፋይሶ ታቀነቅናለች፤ ሴቶቹ እየተቀበሉ እጃቸው እኩል ይወጣል፣ እኩል ይገባል። ባህሩ ከጎረቤት ግቢ በአጭሩ ግንብ ላይ ክንዱን አስደግፎ ያያል።

«መምህር፣ ግንባችንን ሊያፈርሱት ነው?» አለችው ሂቦ፣ ቀና ሳትል።

«ሒሳቡ ነው ያቆመኝ።»

«የምን ሒሳብ?»

«ሳትቆጥሩ፣ ወረቀት ላይ ሳትስሉ፣ መስመሩ እንዴት ነው የማይዛነፈው?»

ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። ሂቦ ያኔ ቀና አለች። «በዘፈኑ ነው። እናቴ ካቆመች እጃችን ይጠፋል። ይኸው፣ ይዩ።» እጇን አንስታ እናቷን ዝም አሰኘች። እውነትም አንዷ ቀደመች፣ አንዷ ቀረች፤ ክሩ ተዘባረቀ። ፋይሶ «መዓሊን ሥራ አስፈታን» ብላ በሱማሊኛ በመምህርነቱ ጠርታ ተቆጣችው፤ ቁጣው ግን የእውነት አልነበረም። ሂቦ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ምንጣፉን አላየም። እሷም ምንጣፉን ሳይሆን ሌላ ነገር እያየች መሆኑን ያወቅሁት፣ ሰማያዊውን ክር በቀዩ ፈንታ ስትስብ ነው።

ክረምቱ እስኪያልቅ ያ ግንብ ሥራ በዝቶበት ከረመ። መጽሐፍ ይሻገራል፣ የተሳለ ወረቀት ይመለሳል። እሱ ስለ ወሎ ሼሆች መንዙማ ያወራላታል፤ እሷ ደግሞ እጅ ስትስል ለምን ጣት ሳይሆን ክርን ላይ እንደምትጀምር ታስረዳዋለች። ሁለቱም እስላሞች ናቸው፤ በሃይማኖት በኩል የሚከለክላቸው አልነበረም። የከለከላቸው ሌላ ነው። ፋይሶ ወተት እየሰፈረችልኝ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦

«ደግ ልጅ ነው። ይሰግዳል፤ ታላቅ ያከብራል። ከኋላው ግን ማን አለ? ወንድሜ ሳማታር ከሀርሺን መጥቶ ‹ከማን ጋር ልነጋገር?› ቢለኝ ማንን አሳየዋለሁ? መንግሥት አመጣው፤ ነገ መንግሥት ይወስደዋል። ያኔ ልጄን ደሴ ድረስ ማን አይቶ ይመጣልኛል?»

እኔም መንግሥት አምጥቶኝ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ እስክቀር ግን ማንም አላመነኝም ነበር።

*

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ጥቂት የኪነ ጥበብ ተማሪዎች በተግባር ሠርተው እንዲማሩ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ተላኩ። አንዱ ቲያትር ቤት፣ ሌላው ሸክላ ሥራ ሲደርሰው፣ ሂቦ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ውስጥ አንድ የሽመና ወርክሾፕ ተመደበች። ወርክሾፑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከአገሩ ገና ያላለቀ የእጅ ሥራ ይዞ ይምጣ፤ እዚያ ካሉት ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ ይጨርሰው። ያለቀ ዕቃ ሙዚየም ውስጥም ሞልቷል፤ እንዴት እንደሚሠራ ነው ማየት የፈለጉት።

ሂቦ ያላለቀውን ምንጣፍ እንድትልክላት ወደ እናቷ ላከች። አክስቶቿ «የሙሽራ ምንጣፍ የፈረንጅ መጫወቻ ሊሆን ነው?» ብለው ተንጫጩ። ፋይሶ አሰበችበት። ከዚያ «የልጄ ነው፤ ልጄ ጠየቀች፤ ይሂድ» አለችና ለሹፌሩ ለዋርፋ ሰጠችው። ሲጫን ሚሬ አየች። ሚሬ ያየችውን ባህሩ ሰማ።

እንግዲህ የባህሩ ስሕተት ይኼውላችሁ። ባለፈው ዓመት ሀርሺን ሄዶ አንዲት ሴት ቤቷን ነቅላ ግመል ላይ ስትጭን አይቶ ነበር። «ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ከባሏ ተለያይታ ነው፤ ሴት ስትሄድ ቤቷን ይዛ ነው የምትሄደው» ብለው ነገሩት። ልማዱን ወደደው፤ ለእኔም በአድናቆት ሲያወራልኝ ሰምቻለሁ። የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ምንጣፍ ተጫነ ቢሉት ትከሻውን ነቅንቆ ያልፍ ነበር። የአገሩ ተወላጅ ቢሆን ደግሞ ይስቅ ነበር። እሱ ግን በመካከል ነበር፤ ግማሹን ያውቃልና ሂቦ ትታኝ ሄደች ብሎ ደመደመ።

ከሁለት ወር በኋላ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን በኩል ከሂቦ ፖስት ካርድ ደረሰው። በአንድ ፊቱ በረዶ የለበሰ ዛፍ፤ በሌላው፦ «ለመምህር ባህሩ። እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ምንጣፉ በሰላም ደርሷል። አገሩ ብርድ ነው። ሂቦ።»

ሁሉም እንዲያነበው አድርጋ ጽፋዋለችና፣ እሱም እንደ ሁሉም ሰው አነበበው። ምንጣፉ ደርሷል፤ እንግዲያው ሄዳለች። አገሩ ብርድ ነው፤ እንግዲያው ልቧም ቀዝቅዟል። ቁጭ ብሎ «በትምህርትዎ እንዲበረቱ እመኛለሁ» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወደ ደሴ እንዲዛወር ማመልከቻ አስገባ። ግንቡ አጠገብ መቆሙንም ተወ። እዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንበት እንኳ፣ ፋይሶ ስታቀነቅን ከሰማ መንገድ ይቀይር እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝ።

*

ታኅሣሥ ገባ። የገና ጾም ነበር። ነፋሱ ሌሊቱን ሲያገላብጥ አድሮ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የሦስቱም የስልክ ክፍሎች ሽቦ ተበጣጥሷል፤ የሚሠራው የእኔ ማዳመጫ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ኦፕሬተሯ የሰዎቹ አፍ ትሆናለች። በዚያ በኩል የተባለውን እዚህ ትናገራለች፣ እዚህ የተባለውን ወዲያ ታደርሳለች። ደንቡ ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ ይላል። «እኔ» ካለ «እኔ» ነው የምትይው፤ «እሱ እንዲህ አለ» እያልሽ ጊዜ አታጠፊም። የቢሯችን ኃላፊ ጓድ ጫኔ በደንብ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ጠዋቱን ከብት ደላላው ጌዲ በእኔ አፍ ድሬዳዋ ካለ ሰው ጋር ሲከራከር «እኔ በዚህ ዋጋ ፍየል ከምሸጥ ራሴን ብሸጥ ይሻለኛል!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ።

ባህሩ ገባ። ዝውውሩ ወጥቶለት ወረቀቱን ይዟል፤ ለአባቱ እመጣለሁ ሊል ነው። በወንበሩ ጫፍ፣ ያው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሚሬና ኬሪያም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ፋይሶ የጥሪ ወረቀት ይዛ ገባች፤ ከሶፊያ ተጠርታለች። ፋይሶ ስልክ ነክታ አታውቅም። «ፊቱን የማላየው ነገር አላናግርም» ትል ነበር። በፊትም ሁለቴ ተጠርታ መልእክቷን ያደረስኩላት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ የሽቦው መበጠስ ለእሷ አዲስ አልሆነባትም። ባህሩ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላት።

«ምንድን ነው የያዝከው መዓሊን?»

«ዝውውር ነው እናቴ። ደሴ።»

ፋይሶ ወደ እኔ ዞረች። «አላልኩሽም?» የሚል ፊት ነበር፤ ግን ደስታ አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችን ወልደሥላሴ ጮኸ፦ «ጅጅጋ! ሶፊያን ያዢ!»

«ሆዮ? እናቴ?» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«እናትሽ ፊቴ ናቸው፤ እኔ እታገኘሁ ነኝ። የክፍሎቹ ሽቦ ተበጥሷል፤ እኔ አደርስልሻለሁ።»

«እትዬ! ደህና ነዎት? ይንገሩልኝ...» ብላ በሱማሊኛ ቀጠለች። እኔም ፋይሶን እያየሁ፣ ቃል በቃል፦

«እናቴ፣ ምንጣፉ ግማሹ ላይ ቆመብኝ። እዚህ ያሉት ሴቶች እጃቸው ወርቅ ነው። አብረን ስንቀመጥ ግን አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትቀራለች። ዘፈኑን ልዘፍንላቸው ሞከርኩ፤ የአቀንቃኟን ክፍል አላውቀውም። ሁልጊዜ የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ተቀባይ ብቻ ነበርኩ። አሁን ምንጣፉ አጠገብ ሆኜ ነው የምደውለው። ሴቶቹም ተቀምጠዋል። አውጪልኝ።»

ፋይሶ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ። «የትኛውን ዘፈን?»

«የሙሽራ ቤቱን።»

ፈገግታው ጠፋ። «ሙሽራዋ ማን ናት? በያት።»

አልኳት። መስመሩ እንደ ዝናብ ሾከሸከ። ከዚያ ሂቦ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ መምህር ባህሩ ከተማ ውስጥ ነው?»

«ፊቴ ቆሟል» አልኳት። ባህሩ ቀና አለ።

«ይጠይቁልኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተቀየረ። እኔም ጠየቅሁት፣ በእሷው ቁጣ፦ «ለምንድን ነው እንደዚያ ብለህ የጻፍክልኝ? ‹እንዲበረቱ እመኛለሁ›! ለመሥሪያ ቤት ነው የምትጽፈው?»

ወንበሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ጌዲ «ኧረ ተው!» አለ፣ ፍየሎቹን ረስቶ።

«እሷስ?» አለ ባህሩ። ጆሮው ቀልቷል። «‹አገሩ ብርድ ነው› ብላ የጻፈችው ለማን ነው?»

«ፖስት ካርዱን ዳይሬክተሩም፣ ጸሐፊዋም፣ ዘበኛውም እንደሚያነቡት አጥቼው ነው? ምን ብዬ ልጻፍ? ለዳይሬክተሩ ‹ናፍቀኸኛል› ብዬ ልጻፍለት?» አልኩት፣ ሂቦ እንዳለችው።

ሳቅ ሆነ። ሚሬ ጭኗን መታች። ባህሩ ግን አልሳቀም። ወደ መስኮቴ ተጠግቶ፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሽቦው ጋር እንደሚነጋገር፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ይህን ያድርሱልኝ። ቤትሽን አስጭነሽ መሄድሽን የሰማሁት እዚህ ወንበር ላይ ነው። ሀርሺን ላይ አንዲት ሴት ቤቷን ስትጭን አይቼ ነበር፤ ባሏን ትታ ነው አሉኝ። አንቺም የምትይኝን በዚያ ያልሽኝ መሰለኝ። መልስሽን ሰጥተሽኛል ብዬ ዝም አልኩ። የምትሄድን ሴት መንገድ ላይ ይዞ መለመን ነውር ሆነብኝ። ዝም ያልኩት ስለማልፈልግሽ አይደለም።»

ቃል በቃል አደረስኩላት። ወልደሥላሴ ገባብኝ፦ «ጅጅጋ፣ ሰዓት አልቋል። ይጨመር?»

«ይጨመር!» አለች ሂቦ።

«ይጨመር ወይ?» ብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩት ሳላስበው።

«ይጨመር!» አለ ወንበሩ በሙሉ።

ከዚያ የሂቦ ትንፋሽ ተሰማኝ። እያለቀሰች እንደሆነ አወቅሁ፤ ሊያደርሱት የማይቻል ነገር ስለሆነ አላደረስኩትም። ንግግሯን ግን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት።

«ባህሩ። ቤቷን ነቅላ የምትሄደው ቤት የነበራት ሴት ናት። እኔ መቼ ቤት ነበረኝ? ገና እየሠራሁት እኮ ነው! ይዤው የመጣሁት አንተን ትቼ አይደለም። ባዕድ አገር ተቀምጬም፣ አፋቸውን ከማላውቀው ሴቶች ጋር፣ በብርዱ ውስጥ፣ ቀን ቀን ቤታችንን እየሠራሁ ነው። አመሻሽ ላይ ጣቴ ሲደነዝዝ የማስበው አንተ በየትኛው በኩል እንደምትቀመጥ ነው። እወድሃለሁ። እስክጨርሰው ድረስ ጠብቀኝ።»

በጾም አፌ፣ በነጠላዬና በማተቤ፣ የልጄ እኩያ ለሆነ ወጣት «እወድሃለሁ» ስል እመቤቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቃሉን ግን አላሳጠርኩትም። ደንቡ ቃል አትቀንሺ ይላል።

ማንም አልሳቀም። ባህሩ የቢሮውን ባንኮኒ በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ሲያቀና ፊቱ የሐምሌው ሆኖ ነበር፣ ያ ግንቡ ላይ የተደገፈው።

«ወላሂ፣ እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት!» አለች ሚሬ።

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ!» አለቻት ኬሪያ። «ዕድሜ ልካቸውን ልታለያዪያቸው ነበር እኮ!»

ባህሩ ለሚሬ ጀርባውን አልሰጠም፤ እንዲያውም በእጁ አረጋጋት። ከዚያ ወደ ፋይሶ ሄደና ፊት ለፊቷ ቆመ።

«እናቴ፣ ሰምተዋል። ከኋላዬ ሰው እንደሌለ ያስባሉ። በዚያች ቀን አባቴ ደሴ ቴሌ ተጠርተው፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ልላቸው ነበር። ሚሬ ስትናገር ሰማሁና ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው አልኳቸው። አሁን ደግሜ አስጠራቸዋለሁ። መጥተው ከሳማታር ጋር ይነጋገሩ።»

«መንግሥት የጻፈልህን ወረቀትስ ምን ታደርገዋለህ?»

«እመልሰዋለሁ። ከጅጅጋ ልውጣ የሚልን እንጂ፣ ልቆይ የሚልን ሰው ማን ይከለክላል?»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ ጓድ ጫኔ ከበሩ ላይ። እስከዚያ ድረስ ቆሞ መስማቱን ማናችንም አላየንም። «ደሴን እኔ ራሴ አስጠራለታለሁ።»

ፋይሶ ባህሩን አየችው፤ ቶሎ አልመለሰችለትም። ልጅን አሳልፎ ለመስጠት እናት የምታስበውን ማን ያውቃል? ሂቦ በጆሮዬ ትጣራለች፦ «እትዬ! ምን አሉ? ለምን ዝም አላችሁ? እናቴ ትዘፍንልኛለች?»

«ፋይሶ» አልኳት፣ «ቃሉን ሁሉ አድርሻለሁ። ዘፈኑን ግን አልችለውም። ግጥሙን እይዘው ይሆናል፤ ያንቺን ድምፅ ከየት አመጣዋለሁ? ማዳመጫውን መያዝ ያለብሽ ራስሽ ነሽ።»

«ፊቷን ሳላየው?»

«ፊቷን ሳታዪው።»

ከባንኮኒው ወዲህ ከሠራተኛ በቀር ማንም አይገባም፤ ደንብ ነው። ወደ ጓድ ጫኔ ዞርኩ። ሰዓቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ምሳ ወጥቻለሁ» አለ። የጠዋት ሻይ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር። ሲወጣ የባንኮኒውን መክፈቻ ከፍ አድርጎ ትቶት ሄደ።

ፋይሶ ገባች። ወንበሬን ለቀቅሁላት። ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ አደረግሁላት፤ ልክ ወደ ጋለ ብረት ምጣድ እንደተጠጋች ሁሉ ፊቷን አሸሸች። ከዚያ የልጇን ድምፅ ሰማች። ትከሻዋ ወረደ።

ከዚህ ወዲያ የሂቦን ንግግር አልሰማሁም፤ የሰማሁት የእናቲቱን ብቻ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ... እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ። ... አታልቅሺ፣ ሴቶቹ ምን ይላሉ? ... ይበርድሻል? ... ተቀምጠዋል? ግራና ቀኝ? ደህና።» ባህሩን በመስኮቱ አሻግራ አየችው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ስሚኝ ልጄ። ይህ ዘፈን አንዴ ከወጣ አይመለስም። የሙሽራ ነው። እናት ካወጣችው ድራለች ማለት ነው። ታውቂያለሽ? ... መዓሊንም ይወቅ።»

«አውቃለሁ እናቴ» አለ ባህሩ።

ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ተነስተው ባንኮኒውን ከበቡ። ጌዲ ባርኔጣውን አወለቀ። ፋይሶ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን ብላ ያዘች፣ ከእጇ እንዳያመልጥ።

«እሺ» አለች። «አወጣዋለሁ። አንቺ ግን መጀመሪያ እጅሽን ምንጣፉ ላይ አድርጊ።»